በመዝሙሬ የመጣ ክስ

ጂንካ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ጥበቃ ነኝ። የቢሮው ኔትወርክ ሲጨናነቅ ኃላፊው ጠርተው፣ «ጋሽ ማርቆስ፣ በስልክዎ መዝሙር እየከፈቱ ኔትወርኩን ጨረሱት። ካልተዉ ከሥራ ይሰናበታሉ» አሉኝ። አጥፍቼ ይሆናል ብዬ ስልኬን ዘጋሁና ሦስት ቀን ጾሜ ንስሐ ገባሁ። ኔትወርኩ ግን ባሰበት።

ባለሙያ ተጠራ። ኮምፒውተሩን ሲያይ ቆይቶ ሳቀ። «ኔትወርኩን ማን እንደሚያጨናንቅ ይቆጣጠር ብላችሁ የጫናችሁት ፕሮግራም ተበላሽቷል። ኮምፒውተሮቹን ሁሉ ያለ እረፍት ‹አለህ ወይ? አለህ ወይ?› እያለ የሚያጨናንቀው እሱው ነው» አለ።

ኃላፊው አልተዋጠላቸውም። «የጋሽ ማርቆስ መዝሙርስ?»

ባለሙያው ስልኬን ተቀብሎ አገላበጠው።

«መዝሙሩ እኮ ሚሞሪ ላይ ነው። ይሄ ስልክ ጭራሽ ኢንተርኔት አያስገባም።»