የሂሩት ደም ከሻሸመኔ እስከ ናዝሬት

ሻሸመኔ፣ ጎህ ሲቀድ

አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ያጓራል። እህቴ ሂሩት ጋቢ ተከናንባ ትንቀጠቀጣለች። ትኩሳቱ አልለቅ ብሏት ሰንብቷል፤ አንገቷ ሥር ያሉት እጢዎች አብጠዋል። ሾፌሩ አያትና፣ "አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ እህቴ? ነዪ ከፊት ተቀመጪ፣ እዚህ ብዙም አያንገጫግጭም" ይላታል።

እኔ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። ትናንት ደሟን መስታወት ላይ ቀብቼ በማይክሮስኮፕ ሳየው፣ ከነጭ የደም ሴሎቿ መካከል ከወትሮው የገዘፉ፣ መልካቸው ያልተለመደ ሴሎች አገኘሁ። የደም ካንሰር መሰለኝ። ለእሷ ግን "ናዝሬት የተሻለ ሐኪም አለ" ብቻ አልኳት። መስታወቶቹን በጥጥ ጠቅልዬ በካርቶን ሣጥን ይዣለሁ።

ዝዋይ፣ ረፋድ

ከአዳሚ ቱሉ ወዲህ ግራርና አቧራ ነው፤ ሐይቁ በስተቀኝ ብልጭ ይላል። ቁርስ ቤቱ በተጠበሰ ዓሣ ሽታ ታውዷል። ሂሩት ትንሽ ቆርሳ ለመዋጥ ሞክራ፣ ጉሮሮዋን ይዛ ተወችው።

"ጋሼ፣ የኔንም አንተ ብላልኝ" አለች። ለኔም አልወረደልኝም።

ሞጆ ኬላ፣ ቀትር

ወታደሩ የይለፍ ወረቀታችንን አይቶ ወደ ሣጥኑ ጠቆመ። "ጓድ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"የእህቴ ደም ነው፣ ለምርመራ።"

አንዱን መስታወት ሊያነሳ እጁን ሲሰድ፣ "እባክህ፣ በጣት ከተነካ ይበላሻል" አልኩት። ሂሩትን አያት። ሣጥኑን ቀስ ብሎ ከደነና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እግዜር ይማርሽ" አላት።

ናዝሬት፣ ከሰዓት በኋላ

ሐኪሟ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። ሂሩትን ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጬ ገባሁ። ማይክሮስኮፑ ላይ አቀርቅረው ብዙ ቆዩ።

"ምንድን ነው የፈራኸው?"

"ሴሎቹ የጤነኛ አይመስሉም፣ ዶክተር።"

"ልክ ነህ፣ ተለውጠዋል። እስቲ እርስ በርሳቸው አስተያያቸው።"

አየሁ። አንዱ ሰፊ ነው፤ የሌላው ጠርዝ ተሸብሽቧል፤ ከጎኑ ያለው ጠቆር ብሏል። አንዱ ካንዱ አይገጥምም።

"አንተ የፈራኸው ቢሆን፣ ካንድ ሴል የተባዙ ስለሆኑ ይመሳሰሉ ነበር" አሉ። "እነዚህ በሽታ ገጥሟቸው የሚዋጉ ናቸው፤ እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ ተለውጧል። ጉሮሮዋን አያለሁ፣ ደሟንም ደግመን እንመረምራለን። ግን የቫይረስ ትኩሳት ነው፤ በእረፍት ይለቃታል።"

ወደ ሂሩት ስወጣ እንባዬ ቀደመኝ። ደንግጣ ተነሳች። "ምን አሉህ?"

"ትድኛለሽ አሉ።" ፈርቼው የነበረውንም ነገርኳት።

 በትኩሳት በጋለ እጇ እጄን ያዘችና፣ "ውይ ጋሼ፣ ይህን ሁሉ መንገድ ብቻህን ስትፈራ መጣህ?" አለችኝ።