የደሴቷ የድሮ ካርታ

ታላቅ ወንድሜ ድሮ ሰው ይኖርባት ወደነበረች የአሸዋ ደሴት ባሕሩ በሸሸበት ሰዓት በእግሩ ሲሻገር ውሃው ተመልሶ ወሰደው። ፖሊስ በመለሰልን ቦርሳው ውስጥ የደሴቷ የድሮ ካርታ ኮፒ ነበር። ቤቶቹ፣ የውሃ ጉድጓዱና መሻገሪያው ተሥለውበታል። ከላይብረሪ ያወጣሁለት እኔ ነኝ። መሻገሪያው ዛሬም ይኑር አይኑር አላጣራሁም።

ከአርባው በኋላ፣ በሰው አገር፣ ካርልተን በሚባለው ሰፈር ፎቅ ላይ ባለው ቤታችን፣ እናቴ ኪችን እያለች አባቴ ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው።

«በየት በኩል ነው የሄደው? እኔ እንግሊዝኛው አይገባኝም፤ አሳየኝ እስቲ።»

ሌላ ቦታ ላሳየው አሰብኩ። ጣቴን ግን መሻገሪያው ላይ አሳረፍኩ።

«በዚህ። መንገድ አለ ያልኩት… እኔ ነኝ፣ አባዬ።»

ከዚያ ካርታውን አጥፎ ኮቱ ውስጥ ከተተው።

«እናትህ እንዳትሰማ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከዚያ ወዲህ እናቴ በጠራችኝ ቁጥር እደነግጣለሁ። ሰማች እላለሁ።