ባለ ፊደሉ ሸክላ

ባለፈው ሳምንት ወልድያ ውስጥ ከመናኸሪያው ወደ ማረፊያዬ የወሰደችኝ ባጃጅ የፊት መስታወቷ ላይ አንድ ክብ ሸክላ ተንጠልጥሎባት ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው ችግር ስሰማና ስጠይቅ ስለዋልኩ ጭንቅላቴ ሌላ ነገር የሚቀበልበት ቦታ አልነበረውም። መንገዱ ተቆፋፍሯል። ባጃጇ በዘለለች ቁጥር ሸክላው መስታወቱን ቀጭ ያደርጋል። ድምፁ ሲሰለቸኝ ቀና ብዬ አየሁት። ዳሩ ተሸርፏል፤ መሃሉ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ወርቅማነቱ ለቆ ቢጫ ሆኗል። የታሰረበት ጥቁር ክር ላይ ያለው ቋጠሮ የእኔ ነው። ቢያንስ የእኔን ይመስላል። በጋዜጠኝነት ብዙ ስለቆየሁ “ነው”ን እና “ይመስላል”ን አላደባልቅም።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስደን ውጤት የምንጠብቅበት ክረምት ነበር። መርሳ በክረምትም ሙቀት አያጣትም፤ ዝናቡ ሲያባራ ከመሬቱ የሚነሳው ወበቅ ልብስ ያጣብቃል። የክፍሌ ልጅ ጦይባ፣ አባቷ ከመርሳ በላይ ያለው ተራራ ላይ የሚያርሱ፣ ለትምህርት ብላ አጎቷ ሼህ ይማም ዘንድ የተቀመጠች ልጅ ነበረች። ውጤት ካልመጣላት ወደ ተራራው መመለሷ ነው፤ እዚያ ደግሞ የታጨችለት ሰው ይጠብቃታል። አጎቷ ግን አንድ በር ክፍት ትተውላት ነበር። ራሷን የምትችልበት ሥራ ካገኘችና ስሟ በክፉ ካልተነሳ መርሳ መቆየት ትችላለች።

ሥራው የእሷ ሐሳብ ነው። ከሸክላ ሠሪዎቹ ጭቃ እናመጣና እኛ ጓሮ ተቀምጠን እንደ ትንሽ ድፎ እያድቦለቦልን እንጠፈጥፈዋለን። በጃንጥላ ሽቦ እንበሳዋለን፣ ጥላ ውስጥ እናደርቀዋለን፣ ከዚያ ሸክላ ሠሪዎቹ ማሰሮ በሚተኩሱበት ቀን ከጥግ ይተኩሱልናል። የፈነዳው ይፈነዳል፤ የተረፈው ላይ የከረሜላ ወረቀትና የስጦታ መጠቅለያ በኮላ ለጥፈን ከአናጢው በለመንነው ቫርኒሽ እንቀባዋለን። ማሰሩ የእኔ ድርሻ ነበር። ቤታችን ያለው ክር ደግሞ የማተብ ክር ነው፤ በእሱ አሰርኩት።

ቀዩም አረንጓዴውም ያምር ነበር፤ የሚገዛው ግን ጥቂት ነው። አንድ ቀን ጦይባ አክስቷ ከጂዳ የላኩትን የተምር ካርቶን ይዛ መጣች። በየጎኑ አንድ የዐረብኛ መስመር በወርቅ ቀለም ተደጋግሞበታል። ቁርኣን ቤት ስለቀራች ፊደሉን ትለየዋለች፣ ትርጉሙን ግን አታውቅም። የአላህ ቃል ቢሆንስ ስላት ሳቀችብኝና፣ ተምር መጠቅለያ ላይ ማን ቁርኣን ይጽፋል አለች። ወርቁን መስመር በመቀስ እየቆረጥን ለጠፍነው።

ከመርሳ ጎረቤት ያለችው የግራና ከተማ ገበያ በሚውልበት ቀን፣ የማሽላ እሸት የሚጠብሱት ሴቶች አጠገብ አነጠፍን። ከአበባው ይልቅ ባለ ፊደሉ ቀድሞ አለቀ። የገባን ቆይቶ ነው። ሰዉ ክታብ መስሎታል። ፊደሉን ያየ እስላም የሼህ ነው ይላል፤ ክሩን ያየ ክርስቲያን ከቤተ ክርስቲያን የወጣ ነው ይላል። ጦይባ ጌጥ ብቻ እንደሆነ ስትናገር ጥቅሻ ነበር የምታገኘው። አንዲት ሴትዮ ጆሮዋ ድረስ ጎንበስ ብላ፣ “ገብቶኛል እቴ፣ የሚሠራ ነገር በአፍ አይነገርም” ብላት ሄደች። ባስተባበለች ቁጥር ፈላጊው በዛ።

ወሬው ከእኛ በፊት መርሳ ገባ። በሚቀጥለው ገበያ ሼህ ይማም በአይሱዙ ተሳፍረው ግራና መጡ። ጦይባ ስታያቸው ከተቀመጠችበት ተነሳች። ከበቆሎ ጆንያ ላይ ተቀምጠው፣ “የአላህን ቃል ለገበያ አውጥተሽ ከሆነ፣ የእኔ ቤት ዛሬ ያበቃል። አምጪ” አሏት።

መነጽራቸውን አደረጉ። ሰዉ ከበበ፤ እሸት የሚጠብሱት ሴቶች ሳይቀሩ ከሰላቸውን ትተው መጡ። ሼህ ይማም ሸክላዎቹን ደርድረው፣ የተቆረጠውን ከተቆረጠው እያገጣጠሙ፣ በዚያ በሚያምር ድምፃቸው መስመሩን በዐረብኛ አነበቡ።

ሰዉ ሁሉ፣ “አሚን” አለ።

ሼሁ ቀና አሉ። ከንፈራቸው ጢማቸው ውስጥ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ቁጣ መስሎኝ ነበር። “አሚን የምትሉት ምኑን ነው? ከፀሐይ ርቆ ይቀመጥ ነው የሚለው። ስለ ተምሩ ነው።”

መጀመሪያ የሳቁት እሸት ጠባሾቹ ናቸው። ከዚያ ገበያው ሳቀ። “አጃኢብ፣ እኔ እኮ ካሰርኩት ወዲህ የወገቤ ሕመም ትቶኛል” ያለች ነበረች። ጦይባ ግን አልሳቀችም፤ አጎቷን ብቻ ታያለች። ከሰዉ መሃል ሌላም ያልሳቀች ሴት ነበረች። ትኩሳት እየተነሳበት የሚያንዘፈዝፈው ሕፃን አቅፋለች፤ አንዱን ሸክላ በእጇ ጨብጣለች።

“እህቴ፣ ተምር ነው እኮ” አለቻት ጦይባ።

“ሰማሁ” አለች ሴትዮዋ። “አላህ የተምሩንም ፊደል ያውቀዋል። እሰሪልኝ።”

ጦይባ ወደ አጎቷ ዞረች። ሼህ ይማም መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከዚያ ለሴትዮዋ፣ ዱዓውን እኔው አደርግለታለሁ፣ አንቺ ግን አሁኑኑ በመጣሁበት መኪና ጤና ጣቢያ ውሰጂው አሏት። ሸክላውን ግን አልከለከሉም። ጦይባ ሕፃኑ አንገት ላይ አሰረችው።

ወደ መርሳ ስንመለስ ሼሁ ቤታቸውን አልከለከሏትም። ያሏት አንድ ነገር ብቻ ነው። “ከእንግዲህ ፊደል ያለበት ወረቀት አትንኪ። አንቺ ባትዋሺም እነሱ ራሳቸውን ይዋሹበታል።” ትክክል ነበሩ። ጦይባም የቀረውን ካርቶን እሳት ውስጥ ጨመረችው። ከዚያ በኋላ አበባ ለጠፍን፣ ወፍ ለጠፍን፣ ውርጌሳ ድረስ ሄደን በአውቶቡሶች መስኮት አሳየን። ሰው እያገላበጠ፣ ባለ ፊደሉ የለም ወይ ብሎ ይመልስልናል። ውጤት ሲመጣ እኔ አለፍኩ፣ እሷ አላለፈችም። ጤፉ ሳይታጨድ አባቷ መጥተው ወሰዷት።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ እውነት የሆነውንና ያልሆነውን መለየት ሆኗል። እሠራዋለሁ፤ ግን ይደክመኛል። አንድ ነገር ሐሰት መሆኑን አጣርቼ በጻፍኩ ቁጥር፣ ገብቶኛል የሚል ጥቅሻ የማገኝበት ቀን አለ። ያኔ ጦይባን አስባታለሁ። አንድ ጊዜ አዎ ክታብ ነው ብላ ብትሸጥ ኖሮ፣ አጎቷ ቢያስወጧትም በራሷ ገንዘብ መርሳ ትቀር ነበር። የሚያምናት ሰው ተሰልፎላት ነበር። አላለችም።

ባጃጇ ማረፊያዬ በር ላይ ስትቆም ሸክላውን ከየት እንዳገኘው ሹፌሩን ጠየቅኩት። እናቱ በሕፃንነቱ ከግራና ገበያ እንዳሰረችለት ነገረኝ። እንደዚያ ያለ ሸክላ ለብዙ ሰው ሸጠናል፤ ያ ሲያንዘፈዝፈው የነበረው ሕፃን ነው ብዬ መጻፍ አልችልም።

“ያውቁታል እንዴ፣ እናት?” አለኝ። “ምን እንደሚል እስካሁን ያነበበልኝ ሰው የለም።”

“ከፀሐይ ርቆ ይቀመጥ ነው የሚለው” አልኩት።

“አሚን” አለ። ከዚያ ፀሐይ ከበላው መስታወት ላይ ፈታውና ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።