ናፍጣ የማይጠጣው ገልባጭ

በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ካለ ኮረብታ ላይ የማኅበራችን የድንጋይ ካባ አለ። እኔ የካባው ገልባጭ መኪና ሾፌር ነኝ። ቁልቁለቱ ክፉ ነው። በአሮጌው መኪና ድንጋይ ጭኜ ስወርድ ፍሬኑ ግሎ ይሸት ስለነበር በየኩርባው "ኪዳነ ምሕረት!" እያልሁ ነበር የምወርደው። ለናፍጣ ደግሞ ሁለትና ሦስት ቀን እሰለፍ ነበር። እኔ ስሰለፍ ጠጠር የሚፈልጡት ሴቶች ሥራ ፈትተው ይውሉ ነበር።

አንድ ቀን ከዞን አንድ ባለሙያ መጥቶ ሰበሰበን። መንግሥት በካባና በማዕድን ማውጫ የሚሠሩ መኪኖችን በኤሌክትሪክ ለመተካት በጀት መያዙን ነገረን። ለእኛም አንድ ገልባጭ ከነቻርጅ ማድረጊያው ሊደርሰን ይችላል።

"ግን መጀመሪያ አባላቱ መስማማት አለባችሁ" አለ።

ቀድሜ ተነሣሁ። "የባትሪ መኪና ለከተማ ነው። በዚህ ቁልቁለት፣ ያውም ድንጋይ ጭኖ? እኔ ነፍሴን አልሰጥም!" ወንዶቹ አጨበጨቡልኝ።

ከጠጠር ፈላጮቹ በዕድሜ የሚበልጡት እናት ከተቀመጡበት ተነሡ።

"ልጄ፣ አንተ መውረዱን ትፈራለህ። እኛ ግን በተመላለስህ ቁጥር ጭሱን እንውጣለን። ሳሉ እንቅልፍ ነሣን። ያላዩት አገር አይናፍቅም፤ እስኪ መጀመሪያ እየው፣ ከዚያ ትጠላዋለህ።"

አፈርሁ። ድምፅ ሲሰጥ ለድጋፍ እጄን ቀድሜ አወጣሁ።

መኪናው ሲመጣ ቡሬ ላይ አሠለጠኑኝ። በዕድሜ ልጄ የምትሆን አሠልጣኝ "ቁልቁለት ላይ እግርዎን ከፍጥነት መርገጫው ያንሡ ብቻ። ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል፣ ባትሪውንም ይሞላል" አለችኝ። እውነቱን ለመናገር አላመንኋትም።

በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ጭኜ ኮረብታው አናት ላይ ቆምሁ። አማትቤ እግሬን አነሣሁ። መኪናው እንደ ጨዋ በቅሎ ራሱን እየገታ ወረደ። ታች ስደርስ ባትሪው ከላይ ከነበረው ጨምሮ አገኘሁት። ብቻዬን ሳቅሁ።

ባዶውን ስመለስ እንደ ልማዴ በመስኮት ብቅ ብዬ "እንዴት ዋላችሁ?" አልሁ። እኒያ እናት መዶሻቸውን አስቀምጠው ቀና አሉ።

"ለካ ሰላምታ ታውቃለህ!"

"ሁልጊዜ እላለሁ እኮ። አንቱ አልሰሙኝ ሆኖ ነው እንጂ።"

"በዚያ በአሮጌው መኪና ጩኸት መች ይሰማል? ይሄን ሁሉ ዓመት ኩራተኛ ነው እያልን ስናማህ ኖርን። ይቅር በለን።"

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። እኔ ግን ዐይኔ እንባ አቀረረ።

መብራት ሲጠፋ ዛሬም እንቆማለን። ቢሆንም ማማረር አልችልም። በጀቱን የወሰኑትን ሰዎች አላውቃቸውም፤ ነገር ግን ግብሩን የከፈሉት በመንገዴ ዳር የሚያርሱት ገበሬዎች ጭምር መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ስለዚህ በማሳቸው በኩል ሳልፍ በሆዴ እመርቃቸዋለሁ።

ባለፈው ወር ከደምበጫ በኩል አንድ ሾፌር መኪናውን ሊያይ መጣ። ለእነሱ ካባም ዕድሉ ደርሷል። ፊቱ ላይ ፍርሃት አየሁ። ቁልፉን ሰጠሁትና ከጎኑ ተቀመጥሁ።