መዝገቡ አልተቀበለውም

ሴት ልጃችን የተወለደችው እንጅባራ ላይ ጭጋጉ ሳምንት ሙሉ ሳይገለጥ በከረመበት ክረምት ነው። አባቴ ከዘንገና ሐይቅ ማዶ ካለው መንደራችን በፈረስ መጣ፤ ካፖርቱ ከላይ እስከ ታች ርሶ ነበር። እሳት ዳር ቆሞ እጁን አሞቀና ሕፃኗን ከባለቤቴ ተቀበለ። ለጥቂት ጊዜ ፊቷን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ማንንም ሳያማክር የእናቱን ስም አወጣላት።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ለምን እንደሆነ ያነበበ ይረዳልኛል። የአውኛ፣ የእኛ የአገዎቹ ቋንቋ ስም ነው። በመካከሉ የአማርኛ ፊደል የማያውቀው፣ በአፍንጫ የሚወጣ አንድ ድምፅ አለው። ባለቤቴ የዳንግላ ልጅ ናት፤ አውኛ አትሰማም። ሦስቴ ሞከረችው፣ ሦስቴም ሳተችው። አባቴ ሳቀና፣ "ግድ የለሽም፣ ትለምጅዋለሽ" አላት።

የአባቴ እናት የሞተችው እሱ ገና የልጅነት ጥርሱን ሳይነቅል ነው። ፎቶ የላትም፤ በዚያ ዘመን ማን ፎቶ ነበረው! ፊቷም አይመጣለትም ነበር። ከእሷ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንዲት ጎረቤት ወንፊት ልትዋስ ይሁን እሳት ልትጭር፣ ከማዶ ሆና እናቱን በስሟ ስትጠራ። እናቱ ምን ብላ እንደመለሰች አያስታውስም፤ ጥሪውን ብቻ ነው የሚያስታውሰው። ያን ቀን ሕፃኗን እንደታቀፈ በአውኛ፣ "ሰው ከጠራት እኮ አለች ማለት ነው" አለኝ።

እኔ ግን ሌላ ነገር ነበር የማስበው። የእኔም ስም ውስጥ ያው ድምፅ አለ። ዘጠነኛ ክፍል ለመማር ዳንግላ የገባሁ ጊዜ፣ ስም የሚጠራው አስተማሪ እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ መነጽሩን አነሳ፤ አንዴ ሞከረና ተወው። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ሁለት ዓመት ሙሉ አፍንጫቸውን እየያዙ ጠሩኝ። ሰው ሞኝ ነው፤ የሳቁበትን ሰዎች ሳይሆን ያሳቃቸውን ነገር ይጠላል። አሥራ አንደኛ ክፍል ስደርስ አማርኛዬ ከእነሱ አማርኛ የተሻለ ሆነ። መምህርም ሆንኩ። ስሜን ለማያውቀኝ ሰው ስናገር ግን እስከ ዛሬ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ።

የልደት ምዝገባ በየቀበሌው በተጀመረ ሰሞን ነበር። መስከረም ጠብቶም ባለቤቴ ገና አራስ ስለነበረች ወደ ቢሮው የሄድኩት ብቻዬን ነው። መዝጋቢዋ ወጣት ሴት ናት፤ በእጇ ነው የምትጽፈው። ስሙን ስነግራት አልሳቀችም፤ አውኛ ትችላለች።

"መምህር፣ በአውኛው ፊደል ይጻፍልዎ ወይስ እንደ አማርኛው? ሁለቱም ይቻላል" አለችኝ። ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያም በሁለቱም ቋንቋ ነበር።

ዞር ብዬ አየሁ። ከኋላዬ አምስት ስድስት ሰው ተሰልፏል፤ አንዱ አብሮኝ የሚያስተምር ሰው ነው። ማንም አልጠየቀኝም፣ ማንም አላስገደደኝም።

"እንደ አማርኛው" አልኳት።

ያ ድምፅ ወጣና በቦታው ሌላ ፊደል ገባ። መጨረሻውም ትንሽ ለስለስ አለ። ሲነበብ በቴሌቪዥን የምንሰማው የከተማ ሴት ስም መሰለ። ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ ደስ አለኝ።

እሑድ አባቴ ወረቀቱን ሊያይ መጣ። ማንበብ አይችልም፤ ግን በሁለት እጁ ይዞ፣ ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ሄደበት። "እስቲ አንብብልኝ" አለ። እሱ እንዳለው አድርጌ ባነብለት አያውቅብኝም ነበር። ነገር ግን ባለቤቴ አጠገባችን ተቀምጣ ልጅቱን በወረቀቱ ስም እሹሩሩ ትላለች። መውጫ አጣሁ።

"አባ፣ መዝገቡ አልተቀበለውም" አልኩት። "በአውኛ ፊደል መጻፍ ክልክል ነው አሉኝ።"

"ማነው የከለከለው?"

"መመሪያ ነው።"

"መመሪያ ከሰማይ ይወርዳል እንዴ? ሰው ነው የሚያወጣው" አለና ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ። ነገሩ በዚያ ያለቀ መሰለኝ። የአባቴን ጠባይ ረስቼ ነበር፤ ለአንድ ክንድ ድንበር ስንት ዓመት ፍርድ ቤት የተመላለሰ ሰው ነው። ተበደልኩ ካለ አቤት ሳይል አያድርም።

ማክሰኞ ለምሳ ከትምህርት ቤት ስመለስ ፈረሱን ቀበሌው በር ላይ ታስሮ አየሁት። አባቴ የጥምቀት ጋቢውን ለብሶ በረንዳው ላይ ቆሟል። ሁለት ሽማግሌዎች አብረውት ነበሩ፤ አንደኛው ከአዲስ ቅዳም በሚኒባስ የመጣ የአክስቱ ልጅ ነው። እናቱ በዚያ ስም ትጠራ እንደነበር እንዲመሰክሩለት ይዟቸው መምጣቱ ነው። ስሙን የካደው ሰው ያለ መስሎት።

መግባት እችል ነበር። ገብቼ፣ አባቴን ክንዱን ይዤ፣ "ና፣ ያስለወጥኩት እኔ ነኝ" ብለው ኖሮ እዚያው ያልቅ ነበር። አላደረግሁትም። የቀርቀሃውን አጥር ተጠግቼ አለፍኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ። ምሳው ቀረበ። አሁን መጥቶ ባለቤቴ ፊት ያዋርደኛል ብዬ ጠበቅሁት።

መጣ። ሽማግሌዎቹን ሸኝቶ ብቻውን ነው የመጣው። ባለቤቴ ውኃ አቀረበችለትና፣ "እህሳ አባባ፣ ምን አሉዎት?" አለችው።

አባቴ መጀመሪያ ውኃውን ጠጥቶ ጨረሰ። ከዚያ እሷ እንድትሰማው በአማርኛ፣ "ባልሽ እውነቱን ነው። እኔንም አይሆንም አሉኝ" አለ።

"ወይ የሰው ክፋት!" አለች ባለቤቴ።

እፎይ አልኩ። መዝጋቢዋ ለመምህርነቴ ብላ የሸፈነችልኝ መሰለኝ፤ በሆዴም አመሰገንኳት። አባቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጄን በወረቀቱ ስም ጠራት። ከአፉ በቀላሉ አይወጣለትም ነበር፤ ዳኛ ፊት እንደቆመ ሰው እየተጠነቀቀ ነው የሚለው። የእናቱን ስም ግን ከዚያ ወዲያ ከአፉ ሰምቼው አላውቅም። በአውኛ ስናወራ እንኳ "ልጅቱ ደህና ናት?" ነበር የሚለኝ። ይህን ሳይ እንኳ አልገባኝም፤ ወይም እንዲገባኝ አልፈለግሁም።

ልጄ አራት ዓመት ሳይሞላት አባቴ ሲያመው ከርሞ ሞተ። ከቀብሩ ጥቂት ቀናት በኋላ ሞቱን ላስመዘግብ ወደዚያው ቢሮ ሄድኩ። ያችው መዝጋቢ ነበረች። "ነፍስ ይማር፣ እግዜር ያጥናዎ" አለችና መዝገቡን ገለጠች፤ ግን አልጻፈችም።

"መምህር፣ እንዳልነግርዎ አስምለውኝ ነበር" አለች። "አሁን ግን እሳቸው የሉም፤ በሆዴ ይዤው መኖር አልቻልኩም።"

ነገረችኝ። ያን ማክሰኞ ሽማግሌዎቹ በረንዳ ላይ ቀርተው አባቴ ብቻውን ገብቶ ነበር። ገና አቤቱታውን ሲጀምር፣ ክልክል እንዳልሆነ፣ በአማርኛው ይሁን ያልኩት እኔው እንደሆንኩ ነግራዋለች። ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍም አሳይታዋለች። ልጅዎ መጥተው ይፈርሙና ዛሬውኑ ላስተካክለው ብላዋለች።

"ቁጭ ይበሉ ብላቸውም አልተቀመጡም" አለች። "ከዚያ፣ 'እንግዲያው ተይው የኔ ልጅ። ማንም ቢጠይቅሽ ክልክል ነው በይ። ልጄ አስተማሪ ነው፤ ውሸታም እንዳይባልብኝ' አሉኝ። ወጥተውም ለሽማግሌዎቹ ከለከለችኝ አሏቸው።"

እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። አባቴ ያን ጊዜ ቤቴ ገብቶ፣ ውኃውን ጠጥቶ፣ ሚስቴ ፊት እውነተኛ አድርጎኝ ወጣ። እናቱን ሰጥቶ እኔን ገዛ፤ እኔ ደግሞ ተቀምጬ እፎይ እል ነበር።

መዝጋቢዋ ከመሳቢያዋ አንድ ቅጽ አወጣች። "አሁንስ ይስተካከል?"

"ሌላ ቀን እመጣለሁ" አልኳት። የአባቴን ሞት አስመዝግቤ ወጣሁ።

የአባቴ አርባ መንደር ውስጥ ሆነ። ዳሱ ሞልቶ ነበር። ባለቤቴ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ፣ ልጃችንን እግሯ መካከል አድርጋ፣ አባባ በዚያ በስተርጅና ለእናታቸው ስም ቢሮ ድረስ ሄደው ተከልክለው እንደተመለሱ እያለቀሰች ታወራለች። ከአዲስ ቅዳም የመጣው ሽማግሌ ሰምቶ፣ "እኔ ምስክር ነኝ፤ በረንዳው ላይ ነበርኩ" አለ። አንዷ አሮጊት፣ "እጇ አይባረክ፣ ያች ጸሐፊ!" ብላ ረገመቻት። ሌሎቹም አሜን አሉ።

ልናገር አፌን ከፈትሁ። ሽማግሌው ልቅሶ የመጣብኝ መስሎት ትከሻዬን ያዘኝ።

"አንተ የምትችለውን አድርገሃል" አለኝ በአውኛ። "አባትህም እስኪሞት ድረስ ይህንኑ ነበር የሚለን።"

"ምን ይደረግ" አልኩት።