የቦራ ቀለብ

ልጅ እያለሁ አንድ ጠላት ነበረኝ፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ፈረስ። ስሙ ቦራ ነው። ዲማ አካባቢ ባለችው መንደራችን አባቴን በገዛ ስሙ የሚጠራው ጥቂት ሰው ነበር፤ ሌላው ሁሉ «አባ ቦራ» ይለዋል። ብቸኛ ልጁ እኔ ሆኜ ሳለ በእኔ ስም የጠራው አንድም ሰው የለም። ይህ ያንገበግበኝ ነበር።

ለጥር ጉግስ ቦራ መዘጋጀት የሚጀምረው ከሁለት ወር አስቀድሞ ነው። ከለምለሙ ሣር ይወጣና ድርቆሽ፣ ተነክሮ ያደረ ገብስ፣ የተከካ ባቄላና ትንሽ ጨው ይቀርብለታል። ሁሉንም አባቴ በእፍኙ ይለካል። ቦራ ብዙ የሮጠ ቀን አንድ እፍኝ ይጨመርለታል፤ ያረፈ ቀን ይቀነስበታል። «ዳገት ላይ ገብስ ቢሰጡት አይሮጥም፤ ቀለብ አስቀድሞ ነው» ይል ነበር አባቴ። ከግልቢያ ሲመለሱም ላቡ እስኪደርቅ ቀስ አድርጎ ያዘዋውረዋል፤ ከዚያ ውሃ፣ ገብሱ መጨረሻ። እኔ ከምንጭ ውሃ ተሸክሜ ወገቤ ተቆርጦ ስመጣ አንድ እፍኝ የጨመረልኝ የለም። የዚያ የራሰ ገብስ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ሰርቄ ቀምሼዋለሁ፤ ሲጣፍጥ ደግሞ ይበልጥ ተናደድኩ።

ስምንት ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ የጉግሱ ዕለት ጠዋት፣ አባቴ ለቦራ እፍኝ የማይሞላ ገብስ ሰጠው። ሆዱ የሞላ ፈረስ አይሮጥም ብሎ ነው። ከዚያ ከእናቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄዱ፤ እኔ ቤት ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ። አሰብኩት። ቦራ ዛሬ ቢሸነፍ አባዬ ይጠላዋል፤ እሱን ከጠላ ደግሞ የሚቀረው እኔን ነው። የጎታውን አፍ ከፍቼ ደረቁን ገብስ በቀሚሴ እያፈስኩ አመላለስኩለት። ያ ሆዳም ምንም አልጠረጠረም፤ እጄን ሁሉ እየላሰ በላ። በላዩ ላይ ውሃ አጠጣሁት።

አባቴ ሊጭነው ሲመጣ ቦራ መሬት ላይ ይንፈራገጣል፤ ሆዱ ተነፍቷል። ነጭ ልብሱን እንደለበሰ ጎትቶ አስነሳውና ከቤታችን በታች ያለውን መስክ ያዞረው ጀመር። ካቆመ ይተኛል፤ ከተኛ አይነሳም። ከማዶ እልልታውና የፈረሶቹ ኮቴ ይሰማል፤ አባቴ ግን አንዴም ቀና ብሎ አላየም። «በርታ ልጄ፣ በርታ» ይላል፤ ለፈረሱ! ከአጥሩ ጀርባ ቆሜ እንዳይሞት እግዜርን እየለመንኩ፣ በዚያች «ልጄ» በምትል ቃል እንደገና ቀናሁ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቦራ ፋንድያ ጣለ። «ተመስገን!» አለ አባቴ፤ ቁርጠቱ ተፈታ ማለት ነው። ከዚያ ወደ እኔ መጣ። ቀሚሴ ላይ የተሰካውን የገብስ እብቅ አየ።

«አንቺ ነሽ ገብስ ያበላሽው?»

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ።

«አይ ብርቄ! ጠዋት ስነፍገው አሳዘነሽ አይደል? ምን ያለ አንጀት ነው የሰጠሽ!» አለና አቀፈኝ።

እውነቱን ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን እንዲያ አቅፎኝ አያውቅም። ፊቴን በነጭ ልብሱ ውስጥ ሸሸግሁ። ከማግስቱ ጀምሮም የቦራን ገብስ አብሬው እንድለካ አደረገኝ፤ የእኔ ትንሽ እፍኝ በእሱ እፍኝ ላይ ተጨመረ።

ዛሬ አባቴ ደብረ ማርቆስ እኔ ቤት ነው። ቦራ ከሞተ ብዙ ዘመን ሆነው። አሁን ምግቡን የምመጥንለት እኔ ነኝ፤ ሐኪሙ ጨው ከልክሎታል፣ እሱም እንደ ልጅ ያኮርፍብኛል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ግን ያንን ታሪክ ያነሳል። «ይህች ልጅ እኮ» ይላል፣ «ለከብት እንኳ አንጀቷ አይችልም።» ዐይኑ እንባ ያቀርራል፤ እንግዳውም እኔን እያየ ይደነቃል። እኔ አቀርቅሬ እስቃለሁ።

ቦራን ይቅር ካልኩት ቆየሁ። አሁን የምቀናው በዚያች ለፈረስ በራራችው ልጅ ነው። አባቴ ይህን ሁሉ ዘመን የወደደው እሷን ነው።