የመምህሩ ክኒን

ቅዱሳን፣ ጌታ ያደረገልኝ ነገር ዋጋ እስኪጨምር ይዤ የምቆየው ዕቃ ስላልሆነ ዛሬ ልመሰክር ቆሜአለሁ። ስሙ ይባረክ።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ ከኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ እየገዛሁ በአይሱዙ አዲስ አበባ የምልክ ነጋዴ ነኝ። ያኔ ባለቤቴ አልማዝ ጌታን ታመልካለች፤ እኔ እሷን እዚህ ጸሎት ቤት በር ላይ አድርሼ ወደ ገበያዬ እመለሳለሁ። የእኔ አምላክ ንቃት ነበር። በሙዝ ንግድ ያንቀላፋ ሰው ያለቀለት ነው። ስለዚህ አንዱ ሲኒ ቡና ሲደክም ሌላ እጨምራለሁ፤ ደጋ ስወጣ ከቡና ቅጠል የሚያፈሉትንም አልምረውም።

ባጃጅ ከተማችንን ባጥለቀለቀበት ሰሞን ዮናስ የሚባል ወጣት መምህር ግቢያችን ተከራየ። ከሰሜን የመጣ ጨዋ ልጅ ነው። ሐሳቡ አልሰበሰብ እያለ ስለሚያስቸግረው አዲስ አበባ ሐኪም ክኒን አዞለታል። አንድ ቀን "ይሄን ስውጥ የጀመርኩትን እጨርሳለሁ፣ ጋሼ" አለኝ። የነጋዴ ጆሮ ይሄን ሰምቶ ይተኛል? እሱ ሊያስተምር ሲሄድ እኔ ጋ በቀረው ትርፍ ቁልፍ ክፍሉ ገብቼ አንድ ክኒን ወሰድኩ።

ወገኖቼ፣ አልዋሽም፣ ሠራ። ቡና ሲበዛ እጄን ያንቀጠቅጠኛል፤ ይሄ ግን ዓይኔን እንደ ምስማር ተከለው። ችግሩ፣ የት እንደሚተክለው አይመርጥም። አንድ ጠዋት መኪናው ሊጫን ቆሞ፣ እኔ አንዱን ክምር በርዝመቱ ስደረድር ረፋዱ አለቀ። ሾፌሩ ጠጋ ብሎ "ጋሼ፣ ሙዙን ሊሸጡት ነው ወይስ ሊድሩት?" አለኝ። እኔ ሠራሁ ብዬ ኮርቻለሁ። አንዱ ክኒን ሁለት ሆነ፤ ቡናውንም አልተውኩ። እንቅልፍ የሚባል ጠፋ።

መምህሩ ግን መድኃኒቱ ቀኑ ሳይደርስ ያልቅበት ጀመር። በረንዳ ላይ ጭንቅላቱን ይዞ "ስንት እንደዋጥኩ እንኳ አላስታውስም፣ ጋሼ። እየባሰብኝ ነው። ማስተማሩን ልተወው መሰለኝ" አለኝ። እኔ ምን አልኩት? "አይዞህ መምህር፣ ሐሳብ በዝቶብህ ነው።" ጌታ ይቅር ይበለኝ። ይቅርም ብሎኛል፣ ክብር ለእሱ ይሁን።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ሙዝ ሳስጭን ልቤ ደረቴን በስቶ ሊወጣ ደረሰ። ወደቅኩ። ሾፌሩ ቤት ደወለ፤ ሐኪም ቤት ስደርስ አልማዝና መምህሩ ቀድመውኛል። ሐኪሟ የልቤን ምት አይታ "ምን ወስደዋል?" አለች።

"ቡና።"

"ሌላስ?"

"ቡና ብቻ።"

"የቡና ብቻ አይመስለኝም። ሌላ ነገር ካለ የምሰጥዎት መድኃኒት ከሱ ጋር ተጋጭቶ ሊገድልዎት ይችላል። እውነቱን ይንገሩኝ።"

መምህሩ እጄን ይዞ "ጋሼ ከቡና ሌላ ምንም አይነኩም፤ እኔ ምስክር ነኝ" አላት።

ዝም ብል እሞታለሁ፤ ብናገር የያዘኝ እጅ ይለቀኛል። አልማዝ እግሬ ሥር በለሆሳስ ትጸልያለች። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ "ኢየሱስ ሆይ፣ እርዳኝ" አልኩና ተናገርኩ፤ የማንን ክኒን፣ በየትኛው ቁልፍ፣ ለስንት ወር።

መምህሩ እጄን ለቀቀ። ፊቱን ሸፈነ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? "እኔ እኮ አእምሮዬ አልቆልኝ ነበር የመሰለኝ። እንግዲያ ደህና ነኝ ማለት ነው። ተመስገን።" እያለቀሰ እጄን መልሶ ያዘ። አልማዝ "ሌባ" አለችኝ። እውነቷን ነው።

የሰረቅኩት ሰው ሲያመሰግን አይቼ ልቤ ተሰበረ፤ እዚያው አልጋ ላይ ለጌታ እጄን ሰጠሁ። ሐኪሟም ያለብኝን ስላወቀች የሚሆነውን ሰጠችኝ፤ ጌታ በእሷ እጅ ፈወሰኝ። ክብር ለስሙ።

ዛሬ ጠዋት አንድ ሲኒ ቡና ይበቃኛል፤ ሲመሽ እንደ ሕፃን እተኛለሁ። መምህሩም ያስተምራል። ሐኪም ያዘዘላችሁ ግን መድኃኒታችሁን በእኔ ምስክርነት እንዳትጥሉ፤ እኔን የጣለኝ ለሌላ ሰው የታዘዘው ነው።

ደብቃችሁ የያዛችሁት ያላችሁ ወገኖች፣ ጌታን እመኑትና ዛሬ ንገሩት። ንግድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጉድለቱን አስቀድመው የተናገሩበት ዕቃ ገዢ የለውም። ጌታ ግን ጉድለቴን ከገዛ አፌ ሰምቶ፣ ሳይከራከር ወሰደኝ።